ዴቪድ ሌተርማን፦ ከየትኛው ዘመን ይጀመር?

ኮሜዲያኑ ዴቪድ ሌተርማን በአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ በኤንቢሲና በሲቢኤስ 33 ዓመት የሌሊት ቶክ ሾው አቅርቧል፤ ሲደመር ከ6,000 የሚበልጥ ፕሮግራም ነው። ዛሬ እሱን ለማየት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ኔትፍሊክስ ላይ ያለውን ነጭ ጢማም ሽማግሌ ነው። ሁለት ክፍል ያይና «ጨዋ ሰው ነው፤ ግን ይህን ያህል ስሙ የገነነው በምኑ ነው?» ብሎ ይተወዋል። በተሳሳተ በር ስለገባ ነው። ሌተርማን የሚያምርበት ሰዓት ሲያጣድፈው፣ ማስታወቂያ ሲያቋርጠውና ያሰበው ነገር ፊቱ ላይ ሲበላሽ ነው። እነዚህ ሦስቱ ያሉበትን ዘመን በደንብ እዩት፤ የሌሉበትን መርጣችሁ እዩት። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሰውየው በ1947 ኢንዲያናፖሊስ ተወልዶ፣ ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በከተማው ጣቢያ የአየር ሁኔታ አቅራቢ ሆነ። አንድ ማዕበል በርትቶ የሃሪኬን ደረጃ ላይ ሲደርስ በአየር ላይ «እንኳን ደስ አለህ» ያለው ያኔ ነው። የቀልዱ ሥር ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም፦ የቴሌቪዥንን የክብር አነጋገር ይወስድና የማይገባው ቦታ ላይ ያውለዋል። በ1975 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ ኮሜዲ ስቶር በተባለው ክለብ ሲሠራ ቆየ፤ በ1978 ደግሞ በኤንቢሲ የሌሊት ፕሮግራም «ዘ ቱናይት ሾው» ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአቅራቢው ከጆኒ ካርሰን ፊት ቀረበ።

በ1980 ኤንቢሲ የጠዋት ፕሮግራም ሰጠው። ከጁን እስከ ኦክቶበር ብቻ ቆየ። ለምን እንደወደቀ ለመረዳት አይከብድም፤ ጠዋት ቴሌቪዥን የሚከፍተው ሰው የሚፈልገው የቤት አያያዝ ምክርና ቀላል ጨዋታ ሲሆን፣ እሱ ያቀረበው በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ላይ የሚያላግጥ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላ ለቀን የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ከሚሰጠው የኤሚ ሽልማት ሁለት አገኘ። የኋለኛው ዘመን መሣሪያዎች በብዛት የተሞከሩት እዚያ ስለሆነ፣ ቅንጭቡን ያገኘ ሰው ቢያየው አይቆጭም።

ከዚያ «ሌት ናይት» መጣ፤ ዋናው ዘመን ይኼ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1982 ከሌሊቱ 6፡30፣ ከካርሰን ቀጥሎ፣ ከሮክፌለር ሴንተር ስቱዲዮ 6ኤ ተጀመረ። የመጀመሪያው እንግዳ ኮሜዲያኑ ቢል መሪ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ያን ሰዓት በእጁ የያዘው የካርሰን ኩባንያ ስለነበር፣ አዲሱ ፕሮግራም የካርሰንን እንዳይመስል ገደብ ተጣለበት፤ የመክፈቻው ቀልድ አጭር ይሁን፣ አጠገቡ የሚቀመጥ አጫዋች አይኑር፣ ባንዱ ትንሽ ይሁን ተባለ። ታዲያ በመክፈቻ ቀልድ ሊሞላ ይችል የነበረው ደቂቃ ባዶ ቀረ፤ ዋና ጸሐፊዋ ሜሪል ማርኮና ሌሎቹ ጸሐፊዎች ያንን ባዶ ቦታ በፈጠራ መሙላት ነበረባቸው። በገደቡ ምክንያት የተወለደው ነገር ነው በኋላ ሁሉም ጣቢያ የቀዳው።

ምን ፈጠሩ? ባለቤቶቻቸው ያሠለጠኗቸው የቤት እንስሳት የሚያሳዩት፣ ከጠዋቱ ፕሮግራም የመጣው የጅል ብልሃት አንዱ ነው፤ ውሻው ሲያደርገው ይስቃሉ፣ እምቢ ሲል ደግሞ የበለጠ ይስቃሉ። በ1984 ሌተርማን ከቬልክሮ (እርስ በርሱ ከሚጣበቅ ጨርቅ) የተሰፋ ልብስ ለብሶ፣ በመዝለያ ምንጣፍ ነጥሮ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሌላ ጊዜ ውኃ ሲነካው አረፋ የሚያወጣው የአልካ ሴልትዘር ክኒን 3,400 የተሰፋበት ልብስ ለብሶ ውኃ ውስጥ ተነከረ። በ1986 አንድ ሙሉ ፕሮግራም በስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ 360 ዲግሪ ዞረ፤ በግማሽ ሰዓቱ ላይ እንግዳው ተዘቅዝቆ ይታያል። ለቺምፓንዚ ካሜራ አሥረው ስቱዲዮ ውስጥ ለቀቁት። እነዚህን በዝርዝር ሲያነቧቸው የልጅ ጨዋታ ይመስላሉ። ሲያዩዋቸው ግን የሚይዘው የሌተርማን ፊት ነው። እንደ ሳይንስ ሙከራ ቁም ነገር አድርጎ ይሠራዋል፤ ውጤቱ ምንም ሳይሆን ሲቀር ካሜራውን ቀና ብሎ ያያል። ያ እይታ አሥር ቀልድ ያህላል።

ከዚህ ዘመን አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል የ1986ቱን የፍራፍሬ ቅርጫት እንመርጣለን። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የኤንቢሲን ባለቤት አርሲኤን ሊገዛ ነው፤ ሌተርማን ቅርጫት ሙሉ ፍራፍሬ ይዞ «ለአዲሶቹ አለቆቼ ሰላምታ ላቀርብ» ብሎ ወደ ኩባንያው ሕንፃ ሄደ። በሩ ላይ አንዲት ሠራተኛ ከለከለችው፤ ቀጥሎ አንድ የጥበቃ ኃላፊ መጥቶ እጁን ሊጨብጠው ዘረጋና መልሶ ሰበሰበ፤ ካሜራ ይጥፋ ተባለ። ስቱዲዮ ሲመለሱ ያቺን የእጅ አሰባሰብ «የኩባንያው ይፋዊ ሰላምታ» ብለው ደጋግመው አሳዩዋት። የተጻፈ ቀልድ የለበትም። አንድ ትልቅ ድርጅት ስጦታ እንኳ መቀበል እንዳቃተው ካሜራው ቆሞ ያያል፤ በቃ። ዛሬ በየመንገዱ ካሜራ ይዞ ሰው ለሚያስጨንቅ ወጣት ይህን ቅንጭብ ማየት ይጠቅመዋል፤ ሌተርማን የሚነካካው ባለሥልጣኑን እንጂ መንገደኛውን አይደለም፣ ጨዋነቱንም አንዴም አይጥልም።

ዝነኛው የ10 ነጥብ ዝርዝር የተጀመረው ሴፕቴምበር 18 ቀን 1985 ነው። የመጀመሪያው ርዕስ አተር ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቤት ሊመቱ ጥቂት የቀራቸው ነገሮች የሚል ነበር፤ ትርጉም የለሽነቱ ሆን ተብሎ ነው፤ በየመጽሔቱ የሚወጡትን የደረጃ ዝርዝሮች ለመቀለድ። ልብ ብለው ቢያዩት አንደኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ቀልድ አይደለም፤ ከበሮው ተመትቶ ባንዱ ወዲያው ስለሚገባ፣ አጭርና ቶሎ የሚገባ ነው የሚመረጥለት። ጠንካራው መሃል ላይ ነው ያለው።

የአንድ ሰዓት ፕሮግራም እንዴት እንደሚገጣጠም ካላወቁ የእሱ ብልሃት አይታይዎትም። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተሰራጭቷል፤ በኢቢኤስ የሰይፉ ፋንታሁንን ፕሮግራም የሚከታተል ሰው አቀማመጡን ያውቀዋል። ከሰዓቱ ላይ ማስታወቂያው ሲነሳ ከ40 ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ይቀራል። መጀመሪያ ቆሞ የሚናገረው ቀልድ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው ፈጠራ፣ ከዚያ ዋናው እንግዳ፣ ሁለተኛው እንግዳ፣ መጨረሻ ላይ ሙዚቃ ወይም ኮሜዲያን። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት አንድ አዘጋጅ በስልክ አነጋግሮ ሦስት አራት ታሪክ ያወጣለታል፤ አቅራቢው ካርዱ ላይ ያሉትን መንደርደሪያዎች ይዞ ይጠይቃል። «በቅርቡ ጀልባ ገዝተሃል አሉ?» የሚለው ጥያቄ ድንገተኛ አይደለም፤ የጀልባው ታሪክ ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅቷል።

ብልሽቱም ከዚሁ ይመጣል። እንግዳው ታሪኩን ይረሳል፣ ያሳጥረዋል፣ ወይም መናገር አይፈልግም። ያኔ አብዛኛው አቅራቢ ባልተሳቀበት ይስቅና ወደሚቀጥለው ካርድ ያልፋል። ሌተርማን ብልሽቱን አይሸፍንም፤ ለታዳሚው ያሳየዋል። ፌብሩዋሪ 2009 ተዋናዩ ዋኪን ፊኒክስ ጢሙን አሳድጎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጥቶ አንዲት ሙሉ መልስ አልሰጥ ሲል፣ ሌተርማን ሳይቆጣና ሳይደነግጥ ደቂቃዎቹን በራሱ ሞላቸው፤ ሲሰናበተው «ዛሬ ማታ መምጣት ስላልቻልክ አዝናለሁ» አለው። በኋላ የፊኒክስ ሁኔታ ለፊልም የተሠራ ትወና መሆኑ ታወቀ። ቅንጭቡ ግን እንግዳ ዝም ሲል ምን ይደረጋል ለሚል ጋዜጠኛ ሁሉ ሙሉ ትምህርት ነው፦ አጭር ጥያቄ፣ ረጅም ዝምታ፣ ቀልዱ በሁኔታው ላይ።

ካርሰን ሜይ 22 ቀን 1992 ሲሰናበት ወንበሩ የተሰጠው ለሌላው ኮሜዲያን ለጄይ ሌኖ ነው። ሌተርማን ወደ ሲቢኤስ ተሻገረ። ኦገስት 30 ቀን 1993 ብሮድዌይ ላይ በሚገኘው በኤድ ሰሊቫን ቲያትር «ዘ ሌት ሾው» ከምሽቱ 5፡35 ጀመረ፤ አሁንም የመጀመሪያው እንግዳ ቢል መሪ ነበር። ኤንቢሲ የፈጠራዎቹ ስሞች የእኔ ንብረት ናቸው ስላለ ባንዱ «ሲቢኤስ ኦርኬስትራ» ተባለ፤ በ«ሌት ናይት» ላይ ላሪ በድ ሜልማን ተብሎ ይታወቅ የነበረው አዛውንት ቀልደኛ ካልቨርት ዴፎረስት በሚለው እውነተኛ ስሙ ተጠራ። የሙዚቃ መሪው ፖል ሼፈር አብሮ ዘለቀ። ቲያትሩ ሆን ተብሎ ይቀዘቅዝ ነበር፤ የበረደው ታዳሚ አያንቀላፋም ተብሎ ስለሚታመን።

የሲቢኤስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሙሉ ጉልበት አላቸው። ካሜራው ከቲያትሩ ወጥቶ ጎረቤት ያለውን ሳንድዊች ቤትና ከባንግላዴሽ የመጡትን የማስታወሻ ዕቃ ሻጮች የአሜሪካ ሁሉ ወዳጅ አደረጋቸው። በ1994 የሊልሃመር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ዘጋቢ ሆነው የተላኩት እናቱ ዶሮቲ ናቸው። ልጃቸው ከኒውዮርክ ሆኖ በሳተላይት ሲያነጋግራቸው፣ እሳቸው ምንም ሳይጋነኑ በረጋ ድምፅ ያዩትን ይናገራሉ። ከዚያ ሁሉ የተጋነነ የኦሊምፒክ ዘገባ የእናትየው ነው እስከ ዛሬ የሚታየው።

ማርች 1995 የኦስካር ሽልማትን መድረክ ሲመራ ግን አልሆነለትም። ኦፕራን ከተዋናይቷ ኡማ ተርማን ጋር ስማቸው እንግዳ ስለሆነ ብቻ ያስተዋወቀበት ቀልድ እስከ ዛሬ ይነሳበታል። ቀልዱ ራሱ ከሌሊቱ ፕሮግራም የባሰ አልነበረም። ችግሩ ቦታው ነው። የእሱ መሣሪያ አንድን ደካማ ነገር ደጋግሞ እያነሳ በድግግሞሹ ማሳቅ ነው፤ ይህ ደግሞ በየቀኑ የሚያየውን፣ በቅርብ የተቀመጠ ታዳሚ ይፈልጋል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሽልማቱን እየጠበቀ በተቀመጠበት አዳራሽ ለመደጋገም ጊዜም ትዕግሥትም የለም። በዚያው ዓመት ጁላይ ተዋናዩ ሂው ግራንት ከመታሰሩ በኋላ ሌኖ ዘንድ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ የተመልካች ብዛት ወደ ሌኖ አጋደለ። ሽልማቱ ግን የሌተርማን ነበር፤ ፕሮግራሙ በ1994ና ከ1998 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት በዘርፉ ዋናውን ኤሚ ወስዷል።

ከሲቢኤስ ዘመን ሊታለፉ የማይገባቸው አራት ምሽቶች አሉ። አንደኛው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2000 ነው፤ አምስት የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት አምስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ፣ ያከሙትን ሐኪሞችና ነርሶች መድረክ ላይ አውጥቶ አመሰገነ፤ ድምፁ ሲሰበር ሊደብቀው ሞከረ፣ አልቻለም። ሁለተኛው ሴፕቴምበር 17 ቀን 2001። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ኒውዮርክ ገና እየጤሰች ነበር። የመክፈቻ ቀልድ ትቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያለ ጽሑፍ ተናገረ፤ በድርቅ የተጎዳችው ትንሿ የሞንታና ከተማ ሾቶ ለኒውዮርክ ገንዘብ ለማሰባሰብ መሰብሰቧን ተርኮ አበቃ። ቀጥሎ የቀረበው አንጋፋው ጋዜጠኛ ዳን ራዘር ሁለት ጊዜ አለቀሰ፤ ሌተርማን እጁን ያዘለት። በሐዘን ቀን ማይክሮፎን የሚይዝ ሰው ምን ይላል ለሚለው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላየንም። ብልህ ለመምሰል አንድም ጊዜ አልሞከረም፤ የማይገባውን ነገር አልገባኝም አለ።

ሦስተኛው ኦክቶበር 30 ቀን 2002 ነው። ሙዚቀኛው ዋረን ዚቮን የማይድን የሳንባ ሽፋን ካንሰር እንደያዘው ከተነገረው በኋላ ሙሉውን ሰዓት ብቸኛ እንግዳ ሆነ። ሌተርማን ስለ ሞት ምን የተረዳኸው ነገር አለ ሲለው፣ እያንዳንዱን ሳንድዊች ማጣጣም ነው አለ። ቃለ መጠይቁን በሙያ ዓይን ለሚያይ፦ ሌተርማን አይቸኩልም፣ አያጽናናም፣ ሲስቅ የምሩን ይስቃል። ከዚያ ዚቮን ሦስት ዘፈን ዘፈነ። በቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አረፈ። አራተኛው ጃንዋሪ 30 ቀን 2009 ነው። በ1993 የኮሜዲያኑ ቢል ሂክስ ትርኢት ተቀርጾ ሳይተላለፍ ተቆርጦ ነበር፤ ሂክስም ከወራት በኋላ በ32 ዓመቱ ሞተ። ከ15 ዓመት በኋላ ሌተርማን የሂክስን እናት ጋብዞ፣ ውሳኔው የእኔ ነበር ብሎ ፊት ለፊት ይቅርታ ጠየቃቸውና የተቆረጠውን ሙሉውን አሳየ።

ስለ ጉድለቱም መናገር ይገባል። በኦክቶበር 2009 ከሠራተኞቹ ጋር የፆታ ግንኙነት እንደነበረውና በዚያ ሰበብ ገንዘብ አምጣ ተብሎ እንደተስፈራራ ራሱ በአየር ላይ ተናገረ። ታዳሚው ቀልድ መስሎት ይስቅ ነበር፤ ዛሬ ሲታይ ያ ሳቅ ያስጨንቃል። አለቃ ከሠራተኛው ጋር እንዲህ ሲሆን ሌላው ሠራተኛ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ በጽሑፍ ያነሳችው ቀድሞ በ«ሌት ናይት» ጸሐፊ የነበረችው ኔል ስኮቬል ናት፤ በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙ አንዲት ሴት ጸሐፊ አልነበረውም። በ2019 ተገናኝተው ይቅርታ ጠይቋታል። ከዘጠናዎቹ መጨረሻ ከፕሬዚዳንት ክሊንተን ጋር በነበራት ግንኙነት ስሟ በተነሳው በሞኒካ ሊዊንስኪ ላይ የተደጋገሙት ቀልዶች ደግሞ አርጅተዋል ብቻ ሳይሆን ጭካኔያቸው ያሳፍራል፤ ብናልፋቸው ይሻላል። የ2010ዎቹ ምሽቶችም ብዙዎቹ የድካም ናቸው፤ ጠረጴዛው ላይ የሚሠራው ፈጠራ ቀንሶ፣ የቆዩ ቀልዶች በዝተዋል።

ሜይ 20 ቀን 2015 ተሰናበተ። ቢል መሪ ከዋዜማው ምሽት እንግዶች አንዱ ነበር፤ በመጨረሻው ምሽት የሮክ ባንዱ ፉ ፋይተርስ እየተጫወተ የ33 ዓመቱ ምስሎች በፍጥነት አለፉ። ወንበሩን ስቲቨን ኮልቤር ወረሰ፤ ሲቢኤስ ደግሞ ፕሮግራሙን ራሱን በሜይ 2026 እንደሚያበቃ በጁላይ 2025 አስታውቋል።

ኔትፍሊክስ ላይ ያለው «ማስተዋወቅ የማያስፈልገው እንግዳዬ» ብለን የምንጠራው ተከታታይ በጃንዋሪ 2018 በባራክ ኦባማ ተጀመረ። አንድ እንግዳ፣ ሁለት ወንበር፣ ታዳሚ፣ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጭውውት፣ በመሃል ከስቱዲዮ ውጪ የተቀረጸ ጉዞ። ጠረጴዛ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ሰዓት የለም። ያኔ ነው ጉድለቱ የሚታየው። የሚያቋርጠው ነገር ስለሌለ ሌተርማን እንግዳውን ያደንቃል፣ ደግሞ ያደንቃል። የካንዬ ዌስት ክፍል ለዚህ ማስረጃ ነው፤ መፋለም የሚገባው ሐሳብ ሲመጣ ትንሽ ይገፋና ይለቀዋል። የተሻሉት ክፍሎች ከስቱዲዮ ውጪ ክብደት ያለው ነገር ያለባቸው ናቸው፦ በኦባማው ክፍል ከጥቁሮች መብት ታጋዩ ከጆን ሉዊስ ጋር የሰልማን ድልድይ የተሻገረበት፣ ማላላ ዩሳፍዛይን ኦክስፎርድ ሄዶ ያገኘበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዲሴምበር 2022 የወጣው የዘለንስኪ ቃለ መጠይቅ። እሱ የተቀረጸው ኪዬቭ ውስጥ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው፤ ባቡር ሲያልፍ ንግግሩን ያውከዋል፤ ሌተርማንም ወዲያው የድሮው ሰው ይሆናል። አባቷ ኤርትራዊ የሆነው ኮሜዲያኗ ቲፋኒ ሃዲሽ ያለችበት የሁለተኛው ምዕራፍ ክፍልም ይታይ፤ እሷ ዝም ብላ የምትደነቅ እንግዳ ስላልሆነች እሱንም ታነቃዋለች።

አሁን ወደ አተያዩ። መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ በስሙ ያለውን ይፋዊ ቻናል ክፈቱ፤ በ2022 የተጀመረ ነው። የፍራፍሬ ቅርጫቱን፣ የቬልክሮ ልብሱን፣ የእናቱን ኦሊምፒክ ፈልጉ፤ እያንዳንዱ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ የዚቮንንና የሴፕቴምበር 17ን በሙሉ እዩ፤ እነዚህን በቅንጭብ ማየት ያበላሻቸዋል፣ ጉልበታቸው ዝምታው ውስጥ ነውና። ኔትፍሊክስ የመጨረሻ ይሁን።

የሰማንያዎቹ ምስል በቪዲዮ ካሴት የተቀረጸ፣ ጎንና ጎኑ ጥቁር የሆነ ጠባብ ስክሪን ነው፤ «ሌት ሾው» ወደ ኤችዲ የገባው በኦገስት 2005 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ላለው ጥራቱን ከ480 በላይ ማድረግ ዳታ ያስበላል እንጂ ምስሉን ያን ያህል አያጠራውም። ኔትፍሊክስ በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋ፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋ ይወስዳል፤ ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚያወራበት ፕሮግራም ስለሆነ መደበኛው ይበቃል። እንግሊዝኛው ፈጣንና የመንገድ ቋንቋ የበዛበት ስለሆነ የጽሑፍ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ አብሩት፤ ዩቲዩብ በራሱ የሚጽፈው ግን ስሞችን ይስታል፣ ታዳሚው ሲስቅም ቃል ይዘላል። የመክፈቻ ቀልዶቹን ማለፍ ትችላላችሁ፤ የዚያ ሳምንት የአሜሪካ ፖለቲካ ላይ የቆሙ ናቸው፣ የዛሬ ተመልካች ግማሹን ስም አያውቀውም። ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ጀምሩ።